ቀና ባለማለቱ ስለተባረረው መዝገብ ቤት ጸሐፊ

አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ጉግሳ ወልደ ሰማያት
የምርት ምርመራ ጽሕፈት ቤት ዋና ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ፣ በተለይም ወገብዎ፣ አንገትዎና ሁለቱ ክርኖችዎ በሰላም መክረማቸውን ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አልታመምሁም፤ ደከመኝ እንጂ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት ለክብርዎ ካለኝ አሳቢነት የተነሣ ነው። በዚሁ ጉዳይ ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ ሦስቱም ያለ መልስ ስለቀሩ፣ ፖስታ መክፈት እንደርስዎ ላለ ብዙ ሥራ ያለበት ሹም አድካሚ መሆኑን ዘግይቼም ቢሆን ተረድቻለሁ። ስለዚህ የማይከፈት ደብዳቤ ጽፌ፣ በካርቦን አባዝቼ፣ ሰው በሚያልፍበት ሁሉ ለጥፌዋለሁ። ለጋዜጣም ልኬው ነበር፤ ቦታ ጠቦናል ብለው መልሰውልኛል። ለማያውቀኝ አንባቢ፣ እኔ በዚህ ከተማ አሥራ ሰባት ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ፣ ቤይሩት ተምሬ የተመለስሁ፣ ነገር ሲጣመም እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ሜዳው። ባለፈው ጥቅምት ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ፣ ከፋሲካ በኋላ ጽሕፈት ቤትዎን ሊጎበኙ የሚመጡት የበላይ ሰው ጎልፍ ወዳጅ መሆናቸውን ሰምተው መጡ። ጎልፍ ማለት ትንሽ ነጭ ኳስ በቀጭን በትር እየመቱ ከሩቅ ጉድጓድ የሚያስገቡበት የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ መጫወቻውም ከከተማችን የሚሰፋ ለጥ ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ከተማችን ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ በተራራ ወገብ ላይ የተንጠለጠለች ናት፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ የተመታ ኳስ ቢቀናው ከሰው ቡና ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ባይቀናው ሚኤሶ ቆላ ድረስ ይወርዳል። ይህን በትሕትና ባመለክት «በመጀመሪያ አቋቋሙን ይልመዱ፣ ሜዳው ይደርሳል» ብለው መለሱልኝ። ወንዝ በሌለበት አገር ሰውን አልጋ ላይ አስተኝቶ ዋና ማስተማር ከእርስዎ በፊት ማንም ያላሰበው ብልሃት ነውና፣ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ፤ ስለ መሣሪያዎቹ። በኅዳር ወር ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ በጭነት መኪና የመጣው ሣጥን ሲከፈት እኔም እንግሊዝኛውን እንዳነብ ተጠርቼ ነበርሁ። ሰው የቆመበትን እንዳይስት የሁለት እግር ቅርጽ የተቀባበት ሳንቃ ነበረበት። ሁለቱን ክርኖች እንዳይላቀቁ አንድ ላይ የሚያስር ሰፊ የቆዳ ጠፍር ነበረበት። አንድ ሰው ቆሞ የሚገባበት፣ በትሩ ጠርዙን ታክኮ እንዲዞር የተሠራ፣ ዘመም ያለ ትልቅ የብረት ቀለበት ነበረበት። የመጨረሻው፣ ግንባርንና ማጅራትን ከፊትና ከኋላ ይዞ ራስ እንዳይነቃነቅ የሚያደርግ፣ በሱፍ የተሸፈነ መንታ ብረት ነበር። ይህ ሁሉ የበትር አሰነዛዘርን ለማቅናትና ሰውነትን በደንቡ ለማቆም የተፈለሰፈ ነው። ሆኖም በትሩና ኳሱ አልመጡም፤ የታዘዘው ማሠልጠኛው ብቻ ነበርና።

ኳሱን ጸሐፊዎ ሰርክአዲስ ከጨርቅ ጠቅልላ ሰፋች፤ በትሩን አናጢው ዓሊዩ ከወይራ ጠርቦ አመጣ። ዓሊዩ ዕቃውን አንድ በአንድ ዞሮ ካየ በኋላ «ወላሂ ጌቶች፣ ሰው ልታስሩበት ከሆነ ጠፍሩ ይበቃችኋል፤ ዱላው ለምን አስፈለገ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ በየተራ በየማለዳው ግማሽ ሰዓት እየታሰረ ሲሰነዝር፣ ከመሰላና ከበደሳ ቡናውን ጭኖ የመጣው ገበሬ ከነአህያው ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። አንዲት የበደሳ ቡና ነጋዴ በመስኮት አጮልቃ አይታ «እናንተ፣ ይኼ ምን አጥፍቶ ነው?» ስትል ሰምቻለሁ። በዚያን ቀን ሣቅሁ። አሁን አልስቅም።

፫ኛ፤ ስለ ትርጉሙ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ከሣጥኑ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ እንድተረጉም አዝዘውኝ፣ አንድ ሳምንት ደክሜበት ተርጕሜአለሁ። በመመሪያው ዘጠነኛ አንቀጽ ላይ የተጻፈው «ኳሱ እስኪመታ ድረስ ራስን ቀና ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ብቻ ነበር። እኔ ግን የአገሬን ሰው አውቃለሁ። አለቃ ብቅ ሲል የያዘውን ጥሎ የሚነሣ፣ ባርኔጣውን የሚያወልቅ፣ ነጠላውን የሚያደገድግ ሕዝብ መሆኑን ስለማውቅ፣ ደንቡ እንዳይፈርስ ብዬ «ማንም ይግባ ማን» የሚሉ ሦስት ቃላት ከራሴ ጨመርሁ። በደራሲው ላይ መጨመር ለተርጓሚ ነውር ነው፤ አድርጌዋለሁ።

ክቡርነትዎም ጽሑፉን ፈርመው፣ ማኅተም አሳርፈው፣ «ከዚህ ትእዛዝ ዝንፍ ያለ ይቀጣል» የሚል በቀይ ቀለም አክለው በግድግዳ ላይ አስለጥፈዋል። ሹም ያላነበበውን አይፈርምምና ዘጠነኛውን አንቀጽ አንብበውታል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ የተለየ ማሰብ ክብርዎን መንካት ነው።

፬ኛ፤ ስለ የካቲት ፱ ቀን። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ጀምበሩ ዘገየ ቀድሞ ተማሪዬ ነበር። የተጻፈለትን እንደተጻፈ የሚፈጽም፣ ከሠላሳ ልጅ መካከል መስመር ማስመሪያ ይዞ የሚመጣ እርሱ ብቻ የነበረ ሰው ነው። በዚያ ማለዳ፣ እኔም ለጉዳይ መጥቼ በቦታው ሳለሁ፣ ተራው ደርሶ እግሩን በሳንቃው ላይ አሳርፎ፣ ክርኖቹን አሳስሮ፣ ራሱን ከመንታው ብረት አግብቶ ቆመ። ሐሳብ እንዳይበተን መሣሪያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተተክሏል፤ ስለዚህ የሠልጣኙ ጀርባ ወደ በሩ ነው። መመሪያው ደግሞ ጉልበት ሰበር፣ ወገብ እጥፍ፣ መቀመጫ ወደ ኋላ ገፋ እንዲል ያዛል። ጀምበሩም በሚገባ ገፋ አድርጎት ነበር።

በዚህ ጊዜ እርስዎ ከገለምሶ የጠሯቸውን የቡና ነጋዴዎች አስከትለው ገቡ። ዘበኛው መስዑድ «ፊታውራሪ!» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ አንድ ሰው ብቻ በታጠፈበት ቀረ። «ማነው ይሄ ለእኔ እንዲህ የሚቆም?» አሉ። ከግድግዳው በኩል «ጀምበሩ ነኝ ጌታዬ፣ ኳሱ ገና አልተመታም» የሚል ድምፅ መጣ። ነገሩ ምናልባት እዚያው ይበርድ ነበር፤ ነገር ግን ሐጂ ሐምዛ፣ የገለምሶው ነጋዴ፣ አንደበታቸው የማይያዝ ሰው ናቸውና «ፊታውራሪ፣ የቤትዎ ሰላምታ በዚያ በኩል ከሆነ፣ እኛስ በየት በኩል እንመልስ?» አሉ። እንግዶቹ በሣቅ ፈረሱ። ጀምበሩን ያባረረው ያ ሣቅ እንጂ ጀርባው አለመሆኑን በቦታው የነበረ ሁሉ ያውቃል።

መስዑድ ሮጦ ጠፍሩን ሊፈታ ቢታገል፣ ዘለበቱ ሲጎትቱት የሚጠብቅ ዓይነት ስለሆነ ይበልጥ አሰረው። ጀምበሩም ከትእዛዝዎ መውጫ ያለው አንድ በር ብቻ መሆኑን አይቶ በትሩን ሰነዘረ፤ ኳሱን መታ፤ ራሱን ከብረቱ አወጣ፤ ዞረ፤ ክርኖቹ እንደታሰሩ ከመሬት እስኪደርስ ድረስ እጅ ነሣ። በዕድሜዬ ከዚያ የበለጠ ፍጹም ታዛዥነት አላየሁም። በማግሥቱ የደረሰው ደብዳቤ ግን «የበላይ አለቃውን በመናቅና ጀርባውን በመስጠቱ ከሥራ ተሰናብቷል» ይላል። ከላይ የተመታው ማኅተም ከግድግዳው ትእዛዝ ላይ የተመታው ያው ማኅተም ነው፤ ስለ ማኅተሙ ትዕግሥት አመሰግናለሁ።

፭ኛ፤ ስለ ድንጋዩ። ጀምበሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው በርዎ ላይ ደጅ ይጠናል፤ ምናልባት ከመኪናዎ መስኮት አይተውት ይሆናል፣ ምናልባትም መስታወቱ አቧራ ነው። «ንቀት» የሚለው ቃል በመዝገቡ ላይ ስላለ ሌላ መሥሪያ ቤት በሩን አይከፍትለትም። ሚስቱ ደስታነሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ቀን እየቆጠረች ነው። ሽማግሌዎች ሲልክብዎ እርስዎም እንደ ደግ ጌታ ማሩት፤ የምሕረቱም ውል፣ በቅዳሜ ገበያ ቀን በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከበርዎ ፊት አጎንብሶ፣ ሰው በሚሰማው ድምፅ «ንቄ ነው፣ ይማሩኝ» እንዲል ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ምክር ሊጠይቀኝ መጣ። ቁጭ እንዳለም «ጋሼ፣ ድንጋዩን እሸከማለሁ። አባቴም ተሸክሟል፣ ነውር የለውም። ንቄ ነው የሚለውን ግን እንዴት አድርጌ ልበለው? አልናቅሁማ!» አለኝ። እኔም የሒሳብ ሰው በመሆኔ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ድንጋይ የተሸከመ ይቅርታ ጠያቂና መንታ ብረት ውስጥ ያለ ሠልጣኝ ወገባቸው እኩል ይታጠፋል፣ ራሳቸው እኩል ያቀረቅራል። ስለዚህ ያለ ሣጥን፣ ያለ ባቡርና ያለ ትርጉም በነጻ የሚገኘውን አቋቋም ከባሕር ማዶ ማስመጣትዎን ሳስበው ይበልጥ ይደክመኛል።

ክቡር ሆይ፤

የምለምነው ብዙ አይደለም። ጀምበሩ ዘገየ ወደ ጠረጴዛው ይመለስ፤ ከመዝገቡም «ንቀት» የሚለው ቃል ተሰርዞ በምትኩ «የተፈረመ ትእዛዝ ፈጽሟል» የሚል ይግባበት። ይህ ብቻ ነው። ጎብኚው ሲመጡ ጎልፉም ይቀጥል፣ ቀለበቱም ይዙር፣ ገበሬውም ይጠብቅ፤ ለመዋጋት ጉልበት የለኝም።

ይቅርታ ሳይጠየቅ ምሕረት አይሆንም ካሉ ግን፣ ድንጋዩ ተሸካሚ እንዳያጣ መላ አግኝቻለሁ። ወንጀሉን የፈጸሙት ሦስት ቃላት የእኔ ናቸው። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ እኔ ራሴ ድንጋዩን በማጅራቴ ተሸክሜ ከበርዎ ፊት እቆማለሁ፤ ሽማግሌዎቹም የሚመሰክሩልኝ ሆነው ይመጣሉ። በጀምበሩ ፈንታ እኔን መቀበልዎ ለእርስዎም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ያ ልጅ የሚፈለግበትን ቃል ቢናገር በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ይዋሻል። እኔ ግን «ንቄ ነው» የሚለውን ቃል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ ሳልዋሽ ልናገረው እችላለሁ።

ዕድሜና ጤና፣ የቀና ወገብና የጸና ማኅተም እየተመኘሁልዎ፣ ከእግርዎ ሥር ባልሆንም ከበርዎ ሥር የማልታጣው፣

አክባሪዎ
ነጋሽ ጀማነህ
የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፤
ለአሰበ ተፈሪ፣ ለገለምሶ፣ ለበደሳና ለመሰላ ማንበብ ለሚችል ሰው ሁሉ፤ ማንበብ የሚችለውም ለማይችለው ያንብብለት።

ማስታወሻ፤ ቅዳሜ ዕለት አቀርቅሬ ስለምቆም የሚመጣውን ሰው ፊት ማየት አልችልም፤ ከዚያ ቁመት ላይ ደግሞ የሰው ጫማ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከገበያተኛው አንዱን በስሕተት ይቅርታ ጠይቄ ክብርዎን እንዳላባክን፣ ከፊቴ ሲደርሱ እባክዎ ሹሙ እርስዎ መሆንዎን ይንገሩኝ።