በሁለት እጅ

ቆቦ፣ ጥር 21 ቀን 1966 ዓ.ም.

ውድ አራጌ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ» ይባላል፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ስለዚህ አልዋሽህም። ይህን የምጽፍልህ ቆቦ፣ ነጅሙዲን ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። አዎ፣ ያው አብሮ አደግህ ነጅሙዲን። ስምህን ስጠራለት የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠና ፊቴን አየኝ። «ወላሂ በአንድ ቀን ተላለፋችሁ። ትናንት ጠዋት ነው ወደ ዞብል ተራራ ማዶ የተሻገረው» አለኝ። መኪናችን መርሳ ላይ ጎማው ባይተነፍስ ኖሮ አገኝህ ነበር። አሁን የማንም ሳይሆን የአንድ አሮጌ ጎማ ጠላት ሆኜ ቁጭ ብያለሁ።

አትሳቅብኝ። ወይም ሳቅ፤ ሳቅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

ከሄድክ በኋላ ቡድናችን መንፈቁን እንዴት እንደዘጋ ልነግርህ ነው የምጽፈው። ግን እዚያ ከመድረሴ በፊት ያ የጥቅምት ጠዋት እየመጣ እጄን ይይዘኛል። አሰልጣኛችን ጋሽ እሸቴ የዘንድሮውን የኮሌጁን የሩጫ ቡድን ሜዳ ላይ አሰልፈው የዱላ ቅብብል ሲያስተምሩን ትዝ ይልሃል? ተቀባዩ ወደ ኋላ ሳያይ እየሮጠ እጁን ይዘረጋል፤ ሰጪው «እንካ» ብሎ ዱላውን መዳፉ ላይ ያሳርፍለታል። ነገሩ ይኸው ነው። ተራው ያንተ ሆነና ዱላ ሰጪህ ካሳው እየበረረ መጥቶ «እንካ!» አለህ። አንተ ቀጥ ብለህ ቆምክ። ዞርክ። ራስህን ዝቅ አድርገህ ያቺን ቀይና ነጭ የተቀባች እንጨት በሁለት እጅህ ተቀበልክ። ይህ ሳይበቃህ «እግዜር ይስጥልኝ» አልክ። ሌሎቹ በዚያ መሀል ሩጫቸውን ጨርሰው ውሃ ይጠጡ ነበር።

ጋሽ እሸቴ ኮፍያቸውን መሬት ላይ ጣሉት። እኛ በሳቅ ሆዳችንን ይዘን ሣር ላይ ተንከባለልን። አንተ ብቻ አልሳቅህም፤ አልተቆጣህምም። «ጋሼ፣ ሰው ሲሰጠኝ ፊቱን ሳላይ እንዴት እቀበላለሁ?» ብለህ ጠየቅሃቸው። የእውነት ነበር የጠየቅኸው። ጋሽ እሸቴ ወደኔ ዞሩ። ከሴቶቹ ቡድን ጉሮሮዬ ከሜዳው ጥግ እስከ ጥግ የሚሰማው እኔ ስለሆንኩ «ቆንጅት፣ ይህን ልጅ አንቺ አስለምጂልኝ» አሉኝ። እንዲህ ነው ሰው ዕጣው የሚወጣለት።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ስንወጣ አንተ ፊት፣ እኔ ከኋላ፤ «እንካ!» እያልኩ ስጮህ መሸ ነጋ። የኮሌጁ ዘበኛ እንኳ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር «ዛሬስ ተቀበለሽ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም ፊቴ እየቀላ አልፋቸው ነበር። በመጨረሻ ለመድክ። ድምፄን ስትሰማ አንድ እጅህ ብቻ ወደ ኋላ ትመጣለች፤ አትዞርም፤ ትሮጣለህ። አንዱን ግን ላስጥልህ አልቻልኩም። ሩጫው ሲያልቅ ያን ሁሉ ሜዳ ተመልሰህ መጥተህ ፊቴን እያየህ «እግዜር ይስጥልኝ» ትለኛለህ። ያን ጊዜ አልነገርኩህም እንጂ፣ ያንን ቃል ለመስማት ስል ነበር ሳይደክመኝ የምውለው።

አንድ ቀን ደግሞ ሜዳው ጥግ ተቀምጠን ሸንኮራ ስንመጥ ሸንኮራዬን በንቀት አየኸው። የናንተን አገር ጥንቅሽ፣ ያንን አገዳው የሚመጠጥ ማሽላ፣ ብቀምስ ይሄንን ለበሬ እንደምሰጠው ነገርከኝ። «መስከረም ላይ ከማሳችን ቆርጬ እሰጥሻለሁ» አልክና በዚያው ዝም አልክ። የተቀየምኩህ መስሎህ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ያስቀየምኩህ መስሎኝ ነበር። ያኔ በሬዎቻችሁ እንዳለቁ፣ ማሳውም ዘር ከተዘራበት እንደከረመ አላወቅሁም። ስለ አገርህ ስንጠይቅህ «ዝናብ ትንሽ ዘግይቷል» ብቻ ነበር የምትለን። ወሎዬ ሆኜ፣ ደሴ ተወልጄ፣ እኔም አመንኩህ።

ኅዳር ላይ የአባትህ መርዶ መጣ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ጠበቅሁህ። የምልህን ሁሉ በልቤ ደርድሬ ነበር። አየኸኝ። «ጫማህን ረሳህ» አልኩህ፤ የሩጫ ጫማህን። «አቆዪልኝ» ብለህ ሄድክ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ራሴን ሰደብኩ መሰለህ፤ የሚጮህ ጉሮሮ ይዤ የምለው አጥቼ።

የመዝጊያው ውድድር በጥምቀት ማግስት ሆነ። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም መጥተው ነበር። ጋሽ እሸቴ ባንተ ቦታ ሌላ ልጅ ሊያስገቡ ሲሉ ካሳው እምቢ አለ። ታውቀዋለህ፣ ካሳው ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው እምቢ ሲል ደግሞ አይመለስም። እዚያ ቦታ ላይ ከአራጌ በቀር ለማንም እንካ አልልም አለ። ሕጉ አራት ሰው ነው ሲባል «ሕጉ ይሰርዘን» አለ። ሌሎቹም አብረውት ቆሙ። በሦስት ሰው ሮጡ። ካሳው አንተ የምትቆምበት ምልክት ላይ ደረሰ። ማንም የለም። «እንካ!» ብሎ ጮኸና ሳይቆም ያንተንም መንገድ ሮጦ ለመጨረሻው ልጅ አቀበለ። ተመልካቹ ያበዱ መሰለውና ሳቀ። ከኛ ልጆች አንዱ ወዴት እንደሄድክ ሲነግራቸው ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ዳኛው ሰረዙን። ጋሽ እሸቴ በዚህ ጊዜ ኮፍያቸውን አልጣሉም፤ አውልቀው በእጃቸው ያዙት። እኔ አለቀስኩ፤ ስለተሰረዝን አይደለም።

በየመንፈቁ ማብቂያ ለቡድኑ የሚታረደው በግ ዘንድሮ አልታረደም። ማንም አላዘዘንም፤ ራሳችን ነን በቃ ያልነው። በበጉ ፋንታ ለተራበው ያገርህ ሰው ዱቄት ተገዝቶ የኮሌጁ ወጥ ቤት ውስጥ ዳቦ ቆሎ ስንጋግር ሰነበትን። ወንዶቹ ሲያቦኩ ብታይ አገር ጥለህ ትጠፋ ነበር። ጆንያዎቹ ተሞልተው መኪናው ላይ ሲጫኑ ጋሽ እሸቴ «አንቺ ነይ» አሉኝ። አልለመንኳቸውም። መለመኔ ግን ከፊቴ ሳይታወቅ አልቀረም።

ጎብዬን አለፍን። ሮቢት ላይ መንገድ ዳር የተቀመጡት ሰዎች ለመኪናው እጃቸውን እንኳ አያነሱም፤ ዝም ብለው ያያሉ። አንድ ሰው «አቁሙልን» ቢለን ይቀለኝ ነበር።

ቆቦ መጠለያው ደርሰን ስናድል በጣሳ እየሰፈርኩ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ሰልፉ ማለቂያ የለውም። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ፊት ፊቴን አዩኝ፤ ሁለት እጃቸውን አጋጠሙ፤ ተቀበሉ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ዓይኔን አይተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉና «አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። የሚቀጥለውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንዲሁ። መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው ተኝቶ ሁለቱን እጁን ያነሳል። አንድም ሰው ፊቴን ሳያይ አልተቀበለኝም። እኔ የሰው እጅ አያለሁ፤ ከእጁ ሁሉ ያንተን እፈልጋለሁ። ጋሽ እሸቴ ሰልፉ እንዲፈጥን «ቶሎ ቶሎ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ዞረው መኪናውን ተደግፈው ብዙ ቆዩ።

ሲመሽ ነጅሙዲን እናትህ ዘንድ ወሰደኝ። የመጠለያው ጫፍ ላይ አንድ አቁማዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እማማ ሸዋዬ እንዴት እንደከሱ አልነግርህም፤ ትናንት ትተሃቸው ስለሄድክ ታውቃለህ። «እንዴት ዋሉ አንቱ? ከአራጌ ኮሌጅ ነኝ» ስላቸው ድምፄን ሰምተው ቀና አሉ።

«ጩኸታሟ ነሽ?» አሉኝ። «እንካ እያለች ስትጮህብኝ የምትውል አንዲት ልጅ አለች ይለኝ ነበር። አንቺ ነሽ ሆዴ?»

አራጌ፣ ለእናትህ ነግረሃቸዋል። ያን ሲሉኝ በዚያ ሁሉ መከራ መሀል ልቤ ደስ አለው፤ አፈርኩበትም።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና አቁማዳውን ነካሁት። እህል ነው። ከፍቼ አየሁት፤ ፍሬው የፈረጠመ ነጭ ማሽላ። ታውቀኛለህ፣ ቁጣ ይቀድመኛል። እህል ተንተርሰው እንዴት ይራባሉ ብዬ ተቆጣኋቸው። ሳቅ አሉ።

«ዘር እኮ ነው ልጄ። የመንደሩ ሁሉ ዘር። ያዥው ተብዬ ነው የያዝኩት። ለዝናቡ እስካስረክበው የኔ አይደለም።»

ከዚያ የሆነውን ነገሩኝ። ዞብል ማዶ ካሉት የአባትህ ዘመዶች ዘንድ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ማሽላ መኖሩን፣ አህያ እንደሌለ፣ የመጀመሪያውን በትከሻህ ተሸክመህ ተራራውን እንደተሻገርክ፣ ትናንት ደግሞ ለቀሩት ጎረቤቶች ልታመጣ እንደተመለስክ። «የሚሮጥ እግር የቀረው እሱ ዘንድ ብቻ ነው» አሉኝ። እኔ እኮ አንተን ይዤ ልመለስ ነበር የመጣሁት። የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ያበቃል፤ ካልደረስክ ዓመቱ ያመልጥሃል። እናትህን ልለምናቸው መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ሳጠና ነው የመጣሁት። ዋጥኩት። እሳቸው ግን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ።

«ትምህርቱን አውቃለሁ። ሂድ አልኩት። ዘሩ መሬት ሲገባ፣ አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ዱላችንን፣ ያቺን ቀይና ነጭ፣ ቡድኑ ላንተ ልኮልህ ነበርና አውጥቼ ሰጠኋቸው። እያገላበጡ አይተው አይተው «ልጄ አገር ለቆ የከረመው ለዚች ነው? ይቺ እኮ ውሻ አታባርርም» አሉ። ነጅሙዲን ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው ነበር የተቀበሉኝ። ሳሟትና አቁማዳው ውስጥ፣ ማሽላው መሀል ቀበሯት። ስትመለስ እዚያው ፈልጋት። ደብዳቤውን የሚሰጥህ ነጅሙዲን ነው።

ነገ በማለዳ እንመለሳለን። ጋሽ እሸቴ ስለ ቦታህ ከኮሌጁ ጋር እከራከራለሁ ብለዋል፤ ዘንድሮ ባይሆን ለመስከረም። ለኪዳነ ምሕረት ብትደርስ ደስታዬን አልችለውም። እንደማትደርስ ግን ዛሬ ያንን አቁማዳ ሳይ አውቄዋለሁ፤ ና ብዬም አልለምንህም። የሚያስፈራኝ ተራራው ነው። በሕይወት ተመለስ፤ ሌላውን ሁሉ ትቼዋለሁ።

ናፍቀኸኛል፣ አራጌ። ያን ቀን በሩ ላይ ልልህ የነበረው ጫማህን ረሳህ አልነበረም፤ እወድሃለሁ ነበር። ጫማህ ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ጭቃውን አልጠረግሁትም።

ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ። መስከረም ጠብቶ የዘራችሁት ሲደርስ ጥንቅሼን ልቀበል ማሳችሁ ድረስ እመጣለሁ፤ ቃልህ አለብህ። ያኔ ሰጪው አንተ ነህ። «እንኪ» በለኝ። ሳታይ ተቀበል እያልኩ ስጮህብህ የከረምኩት እኔ፣ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ ፊትህን አያለሁ፣ በሁለት እጄም እቀበልሃለሁ።

እስከዚያ እግርህን እግዜር ይጠብቅልኝ።

ጩኸታሟ
ቆንጅት