በእሳቱ ሰ

መጋቢት 20 ቀን
የጾሙ አምስተኛ ሳምንት

ለወንድሜ ለቀጮ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ተናድጃለሁና ሰላምታው ትንሽ ይቆይ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ሥዕሉን አሁኑኑ አውርጂ፤ የመንገደኛ መሣቂያ አታድርጊኝ» ብለሃል። አላወርድም። መልሱን ገና ከመግቢያው አገኘኸው፤ የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ነገሩን በቁንጽል ስለሰማህ ከሥሩ ልንገርህ። አባባ ባለፈው ክረምት ታሞ ቀኝ እጁ ከሰነፈ ወዲህ ዕቃ ቤቱን የማጸዳው እኔ ነኝ። እዚያ ውስጥ፣ በአሮጌ የሱቅ ማስታወቂያ ቆርቆሮዎች ጀርባ ላይ የተሣሉ ዐሥራ አንድ ሥዕሎች አገኘሁ። ዕድሜ ልኩን «ጎማ እንጠግናለን» እና «ኃይለኛ ውሻ አለ» ሲጽፍ የኖረ ሰው ለካ በስተጀርባው ወንጌል ይሥል ኖሯል። የጴጥሮስ ሥዕል በሌላ ፊቱ «ጥርስ ያለ ሕመም እንነቅላለን» ይላል።

በጾሙ መግቢያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወስጄ ሰቀልኳቸው። የአዳራሹ ኃላፊ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ «ሐዋርያቱን የሰፈር ሰው አስመሰላቸው እኮ» አሉ። «የሰፈር ሰዎች አልነበሩም እንዴ?» ብላቸው ባለጌ ተባልኩ። በማግስቱ ሥዕሎቹን አውርደው በር ላይ አስደግፈው ጠበቁኝ። እኔም ሁለት ሁለቱን እያቀፍኩ ወደ ልብስ ስፌት ቤቴ አጓጓዝኳቸው።

አሁን በየእሑዱ አንዱን መስኮቱ ላይ አቆማለሁ፤ ከሥሩ ስለ ሳምንቱ ያሰብኩትን በእጄ ጽፌ እለጥፋለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ቆሞ ያነባል። አንዷ ደንበኛዬ፣ በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው አጥቶ የተኛውን በሽተኛ አይታ፣ ዚፕ ልታስቀይር ያመጣችውን ቦርሳ እንኳ ሳትሰጠኝ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ኃላፊው ይህን አያውቁም፤ ቢያውቁም ግድ የለኝም።

የዚህ ሳምንት ተራ የጴጥሮስ ነው። በግቢው እሳት ዳር እጁን ዘርግቶ «አላውቀውም» ሲል። ፊቱ ያንተ ነው። አልዋሽህም፤ የአገጭህ ጠባሳ ሳይቀር ያንተ ነው። ፎቶውን ማን እንደላከልህ ባውቅ ጣቱን በመርፌ እወጋው ነበር።

«ያቺን ቀን እያስታወሰ ሊያዋርደኝ ነው የሣለኝ» ትላለህ። ያቺን ቀን እኔም አልረሳኋትም። አባባ የፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጽፋል፤ ራሱ ላይ ቀለም ተረጭቶበታል። አንተ ከትምህርት ቤት ጓደኞችህ ጋር ታልፋለህ። «አባትህ አይደል?» ሲሉህ «አላውቀውም» አልክ። እሱ ዞር አላለም። ግን ፊደል ስቶ የማያውቅ ሰው የዚያን ቀን «ፀጉ አስተካካይ» ብሎ ጽፎ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ጣራ ሥር የእግዜር ሰላምታ ብቻ ስትለዋወጡ ኖራችሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ሳትሰናበት ሄድክ።

ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን «ተስዬ» የሚል ቃል አይተህም፣ «በእኔ አፍ "ይኸው ተሣልኩ" እያለ ይሣለቅብኛል» ብለሃል። አልፈርድብህም፤ እኔም እንዳንተ ነው ያነበብኩት። ቃሉ ዐሥራ አንዱም ላይ አለ። ግራ ቢገባኝ ራሱን ጠየቅኩት።

«አባባ፣ እዚህ ላይ የተሣለው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ የተሳልኩት።»

ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዙሬ የእሱን ፊት ፈለግኩ። የለም። «የቱ ጋ ነህ?»

«ፊደል አታነቢም? ሥዕል በንጉሡ ሠ ነው፤ ይሄ በእሳቱ ሰ ነው። ስለት ነው እኮ የምልሽ። የሞተው የእኔ እጅ ነው ወይስ ያንቺ ጆሮ?»

ቀጮ፣ ከሄድክ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ወሬህ ጠፍቶ ነበር። አባባ ያኔ ስምህን በቤት ውስጥ እንዳንጠራ ከልክሎናል። ለብቻው ግን ተስሏል፤ «ልጄን በሕይወት ብቻ አቆይልኝ፣ በየዓመቱ በጾምህ አንድ ሥዕል እሥላለሁ» ብሎ። «ይመለስልኝ ብለህ ለምን አልጨመርክም?» ብለው፣ «እንዳላበዛበት ፈርቼ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም እንደገና አየኋቸው። በሽተኛውም አንተ ነህ። ለጌታ ልብሱን በመንገድ ያነጠፈውም፣ መስቀሉን ተቀብሎ የተሸከመውም አንተ ነህ። ፎቶ የላከልህ ሰው ጴጥሮስን ብቻ ነጥሎ ነው።

እሱንም ቢሆን ደህና አድርገህ እይ። ዞሮ በሚያየው ጌታ ፊት ላይ ቁጣ የለም። ከሥሩ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ጴጥሮስ እሳት ሊሞቅ ገብቶ ካደ። ብዙዎቻችን የምንክደው ከክፋት ሳይሆን ብርድ ሲብስብን ነው። የተካደው ግን ዞሮ ያየናል።» ይህን ነው አውርጂ የምትለኝ። ኃላፊው ሲያወርዱት መልሼ ሰቅያለሁ፤ ያንተንም ትእዛዝ አልሰማም።

ሐኪሙ ምን አለ ብለሃል። ሐኪሙ ብዙ ይላል፤ ሁሉንም አልጽፈውም። የዘንድሮው ስለት ግን ገና ነው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ስላለው በግራው ይሞክራል፤ እኔ ቆርቆሮውን እይዝለታለሁ። ቶማስን ነው የሚሥለው፣ ቁስሉን ካልነካሁ አላምንም ያለውን። እጁ ወጥቷል፣ ልብሱም ወጥቷል፣ ፊቱ ባዶ ነው። ትናንት «ጨርሰው እንጂ» ስለው፣ «አሁን ምን እንደሚመስል አላውቅማ» አለኝ። ፎቶህን ከስልኬ ባሳየው ፊቱን አዞረ። «ሰው ከሰው ነው የሚሣለው» አለ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ይህንንም ልደብቅህ አልፈልግም።

ና አልልህም። ለምኜህ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም። ግን እወቀው፤ እሑድ ጴጥሮስ ሲነሣ ሌላው ይተካል፣ የሌላውም ፊት ያንተ ነው። የቀሩትን በሕማማት በየቀኑ አወጣቸዋለሁ። እስከ ትንሣኤ ድረስ መንገደኛው ሁሉ መልክህን ይለምደዋል። ማውረድ ካማረህ መጥተህ በገዛ እጅህ አውርድ።

እስካሁን ያቆየህ አሁንም ያቆይህ። ለአባታችንም ስለቱን የሚጨርስበትን ቀን አይንሳው። ሰላምታዬም ይኸው፣ ንዴቴ ስለበረደ ተቀበለኝ።

እታለምህ

ደግሞ ልብ በል፦ አባባ ለሥዕል የሚሆነው ብርሃን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ነው ይላል። ብዙ አይቆይም።