በዘጠነኛው ቀን የተሰለፍነው

ውድ ሚጡዬ፣

ደህና ነሽ ወይ? የእኔን ስልክ ስለምታነሺ ደህና መሆንሽን አውቃለሁ። የምጽፍልሽ የአክስታችንን ስልክ ስለማታነሺ ነው። ይኸው ሦስት ወር ሊሞላሽ ነው። ትደውላለች፣ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትደፋውና «ሥራ በዝቶባት ነው» ትላለች። ማንም ሳይጠይቃት ነው እንዲህ የምትለው።

የምነግርሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ዛሬ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገብቼ፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ በፋይል ተከብቤ እጽፍልሻለሁ። ደክሞኛል ሚጡ። ዝም ማለት እንዲህ ያደክማል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጂሙ ውስጥ ሥራ የጀመርሽ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ሥራ አስኪያጁ «በሙከራ ጊዜሽ አሥር አባል አምጪ፣ ከዚያ ቋሚ ትሆኛለሽ» ብሎሽ ፊትሽ ጠቁሮ መጣሽ። አክስታችን «አሥር ሰው ምን አላት! ግማሹ እኛ ነን» አለች። በሳምንቱ አምስታችን ተሰልፈን ፈረምን፤ እሷ፣ ሁለቱ ልጆቿ፣ ጡረታ የወጡት ሹፌሩ አጎታችን፣ እና እኔ። አንቺ በራስሽ ስድስት ሰው አግኝተሽ ስለነበር አሥራ አንድ ሆነ። ውሉን ያስፈረምሽን በኩራት ነበር። «ሦስተኛው ገጽ ላይ መብታችሁ አለ፣ አንብቡት» ስትዪ አጎታችን «መነጽር የለኝም፣ አንቺን አምናለሁ» ብለው ፈረሙ።

ስፖርቱንማ አየሽው። አክስታችን የመሮጫው ማሽን ላይ ወጥታ፣ ማሽኑ ሳይነሳ፣ ግማሽ ሰዓት ቆማ ስልክ አወራችና «ላብ በላብ ሆንኩ» ብላ ወረደች። አጎታችን ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠው «ፍሬኑ የት ነው?» ሲሉ አሰልጣኙ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አንቺ ከጠረጴዛሽ ኋላ አፍሽን በእጅሽ ሸፍነሽ ትስቂ ነበር። እንደዚያ ስትስቂ ካየሁሽ ቆየሁ።

ከዚያ ዘጠነኛው ቀን መጣ። በምሳ ሰዓት ከቢሮ ሾልኬ ስገባ አክስታችን ጠረጴዛሽ ፊት ቆማለች። ከኋላዋ ልጆቿ። እኔ ከገባሁ በኋላ አጎታችን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ደረሱ። እርስ በርሳችን ተያየን። የሁላችንም እጅ ላይ ያው ውል አለ። እያንዳንዱ የሚወጣው እሱ ብቻ መስሎት ነበር የመጣው፤ ሌሎቹ ይቆዩላታል ብሎ።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣና «ምንድን ነው ይሄ ሰልፍ?» አለ። ሲነገረው ሳቀ። «መሰረዝ የለም። ማሽን ላይ ወጥታችኋል፣ ሻወር ገብታችኋል። የተጠቀመ ሰው አይመለስለትም፣ ዓመቱን ይከፍላል።»

አክስታችን ተሸማቃ ልትመለስ ዞረች። ሁላችንም ልንመለስ ነበር። ያኔ አንቺ ተነሳሽ።

«ውሉ እንደዛ አይልም» አልሽው። «በአሥር ቀን ውስጥ መሰረዝ ይችላሉ። ቢጠቀሙም ባይጠቀሙም፣ ምክንያት ሳይጠየቁ። ዛሬ ዘጠኝ ነው።»

«አንቺ የምትሠሪው ለማን ነው?»

«ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። ሲፈርሙ ያልኳቸውን አሁን አልክድም።»

አምስት ፎርም አወጣሽ። ቀኑን ጻፍሽ፣ ማህተም መታሽ፣ ለእያንዳንዳችን ቅጂውን ሰጠሽን። የእኔን ስትሰጪኝ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ብራችን በሳምንቱ ሳይጎድል ተመለሰ፤ አንቺ ደግሞ በወሩ መጨረሻ «ቁጥሩ አልሞላም» ተብለሽ ወጣሽ።

ሌላ ከተማ ሥራ አግኝተሽ የሄድሽ ዕለት መናኸሪያ ሁላችንንም ስመሽ አክስታችንን አለፍሻት። «አንቺ ነሽ ሰብስበሽ ያመጣሻቸው» አልሻት። ልቅሶም ሠርግም የምታስተባብረው እሷ ናት፣ ሰልፉም ላይ ፊተኛዋ እሷ ነበረች፤ ብትጠረጥሪ አልፈርድብሽም። እሷም ቦርሳሽን አቀበለችሽና ቆመች።

ሚጡ፣ የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ።

ሥራዬ ወረቀት ማንበብ ነው፤ እስከ መጨረሻዋ መስመር ካላነበብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የፈረምን ዕለት ታክሲ ውስጥ ሦስተኛውን ገጽ አነበብኩት። ዓመት ሙሉ መክፈል እንደማልችል ከመፈረሜ በፊትም አውቅ ነበር፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያ ብቻውን ደሞዜን ይጨርሰዋል። ያን ለአንቺ መንገር ነበረብኝ። ያለ እኔም አሥር ሰው ይቀርሽ ነበር፤ እኔ ብቻ ብወጣ ምንም አትሆኚም ነበር። እኔ ግን ለአራቱም በየተራ ደወልኩ። «መውጣት ትችላላችሁ፣ ለማንም አታውሩ» አልኳቸው። አሥረኛው ቀን እሑድ ስለሚውል «በዘጠነኛው በምሳ ሰዓት ሂዱ» ብዬ ሰዓቱን ሳይቀር የመደብኩላቸው እኔ ነኝ። ለገንዘባቸው አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። እውነቱ ሌላ ነው። እህቷን ጥላ የወጣች እኔ ብቻ እንዳልሆን ፈርቼ ነው። ብዙ ሆነን ብንወጣ አይታወቅብኝም ብዬ ነው።

አክስታችን ታውቃለች። መናኸሪያው በር ላይ ልነግራት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ። «ዝም በይ» አለችኝ። «እኔ ላይ ብትቆጣ ያልፍላታል። አንቺ ላይ ከተቆጣች ማን ይቀራችኋል? እናታችሁ የለች።» እኔም ዝም አልኩ፤ ተመችቶኝ ዝም አልኩ። በየእሑዱ ቤቷ ሄጄ ስልኩን ስትደፋው እያየሁ ምሳዋን በልቼ ተመልሻለሁ።

ትናንት «እንዲያው ሰው ስንት ጊዜ እንደደወለ ስልኩ ይቆጥራል እንዴ? እንዳላሰለቻት» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ብዬ መዋል አልቻልኩም።

ይቅር በይኝ አልልሽም፣ ገና ነው። ለእሷ ግን ደውዪላት። ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ። እንደጻፍኩልሽ አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ከእጄ ነጥቃ ትቀደው ነበር። ምንም አትንገሪያት፣ «ምን በላሽ?» በያት ብቻ፣ የቀረውን እሷ ታወራዋለች።

ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ካስጠላሽ፣ የእኔን አታንሺ።

እህትሽ