የአርባ አንድ ቀን ደመና

ረቡዕ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለቀጫጫዋ ልጄ፤

እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። አባትሽም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው፤ ምላሱማ እንደ ድሮው ነው።

«ሳተላይቱ ጥርት ያለ ሰማይ ባሳየበት ቀን ሁሉ አንቺ ስስ ደመና ጽፈሻል። ማሽኑ የሳተውን እናቴ አየች ብዬ በጥናቴ ላስገባው ነው» ያልሽኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። እንዳታስገቢው! ለምን ማለትሽ አይቀርም፤ ስሚኝማ።

ሳተላይቱ በላያችን በሚያልፍበት ሰዓት፣ እንዳዘዝሽኝ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ። ሰማዩን እንደ ልማዴ ለስምንት ከፍዬ፣ ፀሐይዋን በአውራ ጣቴ ከልዬ አያለሁ። ዙሪያዋን ቀለበት አለ። ቀለበት ካለ ደግሞ ስስ ደመና አለ፤ ሠላሳ ዓመት በሜትሮሎጂ የሠራሁበት፣ ላንቺም ያስተማርኩሽ ነገር ነው። «ስምንት ከስምንት» ብዬ፣ ሰማዩ በሙሉ ተሸፍኗል ማለቴ ነው፣ እጽፋለሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት ታች ያለው ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሊያሰጣ ወጣና፣ «እትዬ፣ ምኑን ነው የሚጽፉት? ሰማዩ እኮ ወለል ብሏል!» አይለኝም! «አርፈህ ቁልፍህን ትከል!» ብዬ አባረርኩት። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከሰዓት ቀሚሴን ልወስድ ሱቁ ብገባ፣ ከስፌት መኪናው በላይ ያለው አምፖልም ቀለበት አለው። ጉድ እኮ ነው! ደመና ቤት ውስጥ ገባ? ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ ቀለበቱ ጠፋ። ግራዬን ሸፈንኩ፤ መጣ። ደጋግሜ ሞከርኩት። ሰውዬው ያበድኩ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለኝ። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቱም አያውቀውም አለ። ለካ አርባ አንድ ቀን ሙሉ የዓይኔን ሞራ ነው ለዓለም የደመና ጥናት ስሰድ የኖርኩት! ሳቅኩም አለቀስኩም። አርባ አንዱንም ሰርዢ፤ አንዱንም እንዳትምሪው። አሁን ልብስ ሰፊው ያያል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስንጨቃጨቅ አባትሽ ከታች ሆኖ ይገላግለናል።

ይህን ካወቅኩ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ዝም ያልኩት «እናቴ አየች» ያልሽው ደስ ብሎኝ ነው። ማሽኖቹ ከመጡ ወዲህ እንዲያ ያለኝ ሰው የለም። ይቅር በይኝ።

የጀመርሽው ይሙላልሽ፤ መንገድሽ ይቅናልሽ፤ ክፉ አይይሽ።

ቀዶ ሕክምናው ማክሰኞ ነው። አልፈራሁም ብዬ ብጽፍልሽ፣ እሱንም መሰረዝ ይኖርብሻል።

እናትሽ