ሳሎን ውስጥ የቆመው አውቶቡስ

ኅዳር 4

ለሰፊው ሕዝብ የወጣ መግለጫ፦ ዛሬ ጠዋት የግራ እግሬ ካልሲ ከእጄ አምልጦ አልጋ ስር ገብቷል። እሱን ለማውጣት የተደረገው ሙከራ ጉልበቴ “አልታጠፍም” በማለቱ ከሽፏል። ባለቤቴ በመጥረጊያ እንጨት አውጥታዋለች። የተጎዳ የለም... ከክብሬ በቀር።

ለራሴ ምን እደብቃለሁ? የከነከነኝ ካልሲው አይደለም፤ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰውዬ፣ የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው እንደ ጆንያ ጫኑኝ። ያውም ማን እያየ? የድሮ ቲኬት ቆራጬ፣ ዝርዝር-የለም። (መልስ በጠየቁት ቁጥር “ዝርዝር የለም” ስለሚል ነው ስሙ።) ጡረተኛ ሾፌሮች ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብበት ሻይ ቤት እንደገባን፣ “ዛሬ ዕቃ ጭነን መጣን” አላቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ... ቤት ስገባ ግን፣ በቃ፣ ሁለተኛ አልሄድም አልኩ።

ኅዳር 7

ቅዳሜ። አሞኛል ብዬ ተኛሁ። “ምንህን?” አለች ባለቤቴ። “ቅዳሜዬን” አልኳት።

ኅዳር 9

ልጄ ሚዛን የሚመስል ነገር ተሸክማ መጣች። ላዩ ላይ ሲቆሙበት የሚንቀጠቀጥ ማሽን ነው። ሕመምን በእንቅስቃሴ የምታክም አንዲት ፊዚዮቴራፒስትም አብራት መጣች።

“አባባ፣ ጉልበትዎ ውስጥ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ነገር ሳስቷል።”

“የፍሬን ሸራው አልቋል በይኛ።”

“እንደዚያው ነው። ሸራውን አንቀይርም፤ ዙሪያውን ያሉትን ጡንቻዎች ግን እናጠነክራለን።”

ጉልበት አጠፍ፣ እጅ ወንበር መደገፊያ ላይ፣ ጥቂት ቆሞ ማረፍ፣ ደግሞ እንደገና። ካመመ ማቆም። “ተአምር እንዳይጠብቁ” አለችኝ። ምን ያደርግልኛል ተአምር? አንዲት ደረጃ ብቻ ነው የፈለግሁት።

ማሽኑ ሲነሳ... እግሬ ስር ያ የማውቀው ንዝረት። ልክ ፌርማታ ላይ ቆሞ በሚኒሞ እንደሚሠራ ሞተር። ለካ ናፍቆኛል።

ኅዳር 18

ከቁርስ በኋላ ስምሪት። የወንበሩ መደገፊያ መሪዬ ነው። “ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ ግቡ” እላለሁ።

“ወራጅ አለ” ትላለች ባለቤቴ ከጓዳ።

“ፌርማታ ላይ ነው የሚወረደው፣ እመቤት።”

“አንተ ሰውዬ፣ ከሳሎን ፈቀቅ አላልክም እኮ። የየት መስመር ነው ይሄ?”

እውነቷን ነው... ወዴትም አልሄድኩም።

ኅዳር 26

ፍጥነት ጨመርኩ። ማንም ሳያየኝ ቁልፉን እስከ መጨረሻው። መነጽሬ ከአፍንጫዬ ወረደ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ማታ ጉልበቴ አበጠ።

“ቁልፉን ማነው የነካው?” አለች ፊዚዮቴራፒስቷ።

“ተሳፋሪዎቹ ናቸው።”

አልሳቀችም። እብጠቱ እስኪቀንስ ማሽኑ ላይ እንዳልቆም ከለከለችኝ። ዕድሜ ልኬን በፍጥነት ያልተቀጣሁ ሰው፣ ሳሎኔ ውስጥ መንጃ ፈቃዴን ተቀማሁ።

ታኅሣሥ 15

ወደ ሥራ ከተመለስኩ ሰነበትኩ። ከወንበር ያለ እጅ መነሳትም ተጨምሮብኛል።

ዛሬ ከሱቅ ስገባ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ባለቤቴን፣ ማሽኑ ላይ፣ ዓይኗን ጨፍና።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ፈቃድህ ከተነጠቀ ጀምሮ። ፊዚዮቴራፒስቷ ለእኔም ጉልበት ፈቅዳልኛለች። መስመሩ ይቋረጥ እንዴ?”

“ቲኬትሽስ?”

“የሾፌር ሚስት ነኝ።”

ታኅሣሥ 27

ካልሲው ደግሞ አልጋ ስር ገባ። አወጣሁት። ራሴ። ጉልበቴ ቀጭ አለ እንጂ እምቢ አላለም። ቁልቁል ስወርድ አሁንም ያመኛል... ሽቅብስ? እስኪ።

ጥር 17

ቅዳሜ። “አብሬህ ልምጣ?” አለች ባለቤቴ። “ማንም አይነካኝም” አልኳት። እስከ በሩ ድረስ ብቻ ሸኘችኝ፤ በመስኮት ስታየኝ ግን አይቻታለሁ።

አውቶቡሱ መጣ። ዝርዝር-የለም ፊት ተቀምጧል። አንድ ጎረምሳ ከኋላዬ እጁን አዘጋጀ። “ተወው ልጄ” አልኩት። ብረቱን ያዝኩ፣ ጉልበቴን እንደለመድኩት አጠፍ... ግፋ... ወጣሁ። አውቶቡሱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋልኝ። ዝርዝር-የለም ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

እሺ። ደብተሩ የራሴ ነው፣ ማንን አታልላለሁ? መውጣቱን ወጥቻለሁ። ጭብጨባውን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ጥሩምባውንም። ዝርዝር-የለም ደግሞ ባርኔጣ ኖሮት አያውቅም። ሾፌሩ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ በሩን ዘግቶ ነዳው። ዝርዝር-የለም ቀና ብሎ፣ “ምነው ጠፋህ? በል ጠጋ በል፣ መንገድ አትዝጋ” አለኝ።

እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ጠጋ አልኩ።