የዝንቦቹ አሳዳጊ ወይዘሮ ታቢታ ኩማ (1954–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ታቢታ ኩማ ከአባታቸው ከአቶ ኩማ ገነሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋዬ ዳንጊሶ በ1954 ዓ.ም. በይርጋለም ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውንም እዚያው ተከታትለዋል።

በ1975 ዓ.ም. በሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል ዓሣ ከሚያሰግሩት ከአቶ ታምሩ ሻንካ ጋር ትዳር መሥርተው ኑሯቸውን ሀዋሳ አደረጉ፤ እኛን ሦስት ልጆቻቸውንም ወለዱ።

በ1997 ዓ.ም. በአንድ የምርምር ቤተ ሙከራ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። እጃቸው ጥንቁቅ መሆኑ ስለታየ በዓመቱ የፍራፍሬ ዝንቦችን እንዲንከባከቡ ተመደቡ። የበቆሎ ዱቄትና እርሾ አብስለው ይመግቧቸው፣ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ያዛውሯቸው ነበር። ጎረቤት «ሰው ዝንብ ያባርራል፣ ታቢታ ታረባለች» ሲል አብረው ይስቁ ነበር።

በቤተ ሙከራው ዝንቦቹ አንድ ሽታ ሲሸታቸው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጣቸዋል፤ በማግስቱ ያንን ሽታ ከሸሹ አስታውሰዋል ማለት ነው። ተመራማሪዋ ዶክተር ፈትያ ጠሀ ማወቅ የፈለጉት፣ በነርቭ ሴሎች መገናኛ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ሲጎድል ትዝታው ምን እንደሚሆን ነው። በ2010 ዓ.ም. ፕሮቲኑ የጎደላቸው ዝንቦች የበለጠ አስታወሱ የሚል ያልተጠበቀ ውጤት ተገኘና ሁሉም ተደሰተ።

የጥናቱ ጽሑፍ ለኅትመት ሊላክ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን እናታችን ፕሮቲኑ የጎደላቸውንና ያልጎደላቸውን ዝንቦች ጠርሙሶች ምልክት ራሳቸው በስሕተት እንዳቀያየሩ ደረሱበት። ሌላ ያወቀ አልነበረም። ከሥራ እባረራለሁ ብለው ቢፈሩም ዶክተሯ ፊት ቆመው፣ «ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ዶክተር ፈትያም፣ «እትዬ ታቢታ፣ እንደገና እንጀምራለን። ዝንቦቹንም ከእርስዎ በቀር ማንም አይነካም» አሏቸው።

ስምንት ወር ፈጀ። እውነቱ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ፕሮቲኑ የጎደላቸው ዝንቦች ይማራሉ፣ በማግስቱ ግን ይረሳሉ። በታተመው ጽሑፍ ላይ ከተመሰገኑት ስሞች የመጀመሪያው የእናታችን ነው። ገጹን ለቤተ ክርስቲያናቸው የእናቶች ኅብረት ሳይቀር አሳይተዋል።

በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው፣ ከባለቤታቸው ጋር ሐይቅ ዳር እየተንሸራሸሩ ደስ ብሏቸው ኖሩ። በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ «ጠግቤ ኖሬአለሁ፣ አታልቅሱ» እንዳሉን ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው ወደ ጌታ ተሰብስበዋል። በሕመማቸው ጊዜ ዶክተር ፈትያ እንደ ልጅ አስታመዋቸዋል።

ባለቤታቸውን፣ እኛን ልጆቻቸውን ክብሩን፣ ሳያትንና ኢየሩስን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። የወደዱት ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለእኛም ጽናቱን ይስጠን።