በቃልሽ የቆመው አውሮፕላን

ልጄ፣ እጅሽን ከጉዳት፣ ልብሽን ከክፉ ቃል ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል። ጣሪያውን ራሴ ጠገንኩት፤ መሰላል ላይ አትውጣ ብለሽኝ ነበር፣ ወጣሁ።

በስልክ የነገርሽውን ወንድምሽ አጫወተን። የሞተሩን ዘይት በጣቶችሽ ስታሺው የብረት ብናኝ ሻከረሽ፤ አውሮፕላኑ አይነሳም ብለሽ «ለበረራ ብቁ ነው» በሚለው ወረቀት ላይ አልፈርምም አልሽ። አለቃሽ ደግሞ «የሴት ፍርሃት ነው፤ እስከ ሰኞ ፈርሚ፣ አለዚያ የጥገና ክፍሉን ልቀቂ» አለሽ። እናትሽ «ምናለ ፈርማ ብትገላገል!» አለች። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ የወፍጮ ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖርኩ፤ ያስተማረኝም የለም። እኔ ብሳሳት ዱቄቱ ይሻክራል፣ ባለ ወፍጮው ይሰድበኛል፣ በቃ። አንቺ አይሆንም ስትዪ ግን ያ ሁሉ ተሳፋሪ ሻንጣውን ይዞ መሬት ላይ ቀረ። እየተሳደቡ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ በእግራቸው ሄዱ። እኔ ቤት ያደገች ልጅ ይህን ማድረጓን ሳስብ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ስለዚህ እንዳትፈርሚ። ልቀቂ ካሉሽ መፍቻሽን ሰብስበሽ ውጪ። እናትሽ «ይሄን ግትርነት ከማን ወረሰችው?» ትላለች፤ እኔ መሰላሉን እያየሁ እስቃለሁ።

ወንድምሽ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ ይልክልሻል። የረገጥሽው መሬት ይጽናልሽ። ሰኞ ከቢሮው ስትወጪ ደውዪልኝ። አልፈረምኩም ብለሽ አትንገሪኝ፤ እሱን አውቀዋለሁ። ይልቅ ስለዚያ ትልቅ ሞተር ሆድ አጫውቺኝ፤ ውስጡን አይቼ አላውቅም።

አባትሽ